ኢንሳይድ አውት 2፦ ጭንቀትን አወቀ፣ ቤተሰብን ረሳ

ጤና ይስጥልኝ እናቶች፣ አባቶች፣ ልጆች።

ኮሙናሉን ለፊልም የፈቀደልንን ኮሚቴ አመሰግናለሁ። ከየብሎካችሁ ወንበር ተሸክማችሁ የመጣችሁትንም እንዲሁ። አሁን አብረን ያየነው ፊልም «ኢንሳይድ አውት 2» ይባላል። ጠንካራና ደካማ ጎኑን እንዳወራ ተጠይቄ ጽፌ መጥቻለሁ። የማስበውን ከመጀመሪያው ልንገራችሁ። ይህ ፊልም የልጅን ጭንቀት ልክ አድርጎ አሳይቷል። የልጅቷን ቤተሰብ ግን ረስቷል።

የመጀመሪያውን ክፍል ላላያችሁ በአጭሩ ልበል። የወጣው በ2007 ዓ.ም. ነው። ራይሊ የምትባል የ11 ዓመት ልጅ ከወላጆቿ ጋር ከሚኒሶታ ወደ ሳን ፍራንሲስኮ ትዛወራለች። ቤቱ አዲስ፣ ሰፈሩ አዲስ፣ ትምህርት ቤቱ አዲስ ይሆንባታል። ታሪኩ የሚካሄደው ግን በጭንቅላቷ ውስጥ ነው። ደስታ፣ ሐዘን፣ ንዴት፣ ፍርሃትና መጸየፍ እንደ ሰው እየተነጋገሩ ልጅቷን ከአንድ መቆጣጠሪያ ሰሌዳ ይመሯታል። ያ ፊልም ኦስካር አሸንፏል። እኔ የምወደው ግን በሌላ ምክንያት ነው። እዚህ አራብሳ ብዙዎቻችን ከመሃል ከተማ ተነስተን የመጣን ነን። ጓደኛን ፒያሳ ወይ ካዛንቺስ ጥሎ መምጣት ምን እንደሆነ ልጆቻችን ያውቁታል።

ሁለተኛው ሰኔ 2016 ዓ.ም. ወጣ። ለእኛ 9 ዓመት ሲያልፍ ለራይሊ ያለፈው 2 ዓመት ብቻ ነው። 13 ሞልቷታል፣ 8ኛ ክፍልን ጨርሳለች። በእኛ ቤት ይህ የሚኒስትሪ ዕድሜ ነው። አንድ ሌሊት የጉርምስና ደወል ይጮኻል፣ ከዚያም አዳዲስ ስሜቶች ሻንጣቸውን ይዘው ይገባሉ። ጭንቀት፣ ቅናት፣ ሐፍረት እና መሰልቸት ናቸው። ራይሊ በበረዶ ላይ የሚጫወቱትን ሆኪ ለመሠልጠን ለ3 ቀን ካምፕ ትሄዳለች። መኪና ውስጥ ሳሉ ሁለቱ የቅርብ ጓደኞቿ ሌላ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እንደተመደቡ ትሰማለች። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ሰሌዳውን የምትይዘው ጭንቀት ነች።

ፊልሙ ጭንቀትን ክፉ አላደረጋትም። ይህ ትልቅ ነገር ነው። ፍርሃት ልጅቷን በዓይን ከሚታይ አደጋ ይጠብቃል፤ ጭንቀት ደግሞ ገና ካልታየው፣ ነገ ሊመጣ ከሚችለው። ሥራዋ መጥፎ አይደለም። ችግሩ ሌሎቹን ሁሉ አባርራ ብቻዋን መምራቷ ነው።

የሌሊቱን ትዕይንት ልብ ብላችሁት ይሆናል። ጭንቀት በምናብ ሠፈር ያሉትን ሠራተኞች ሁሉ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣ ነገ ሊበላሽ የሚችለውን ነገር በሥዕል ታስወጣቸዋለች። ብሳሳትስ? ቢስቁብኝስ? ባልመረጥስ? ራይሊ አልጋዋ ላይ ትገላበጣለች። ይህን ትዕይንት ሳይ ያሰብኩት የእኛን ልጆች ነው። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍልን ፈተና ከወሰዱት ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በቀጣዩ ዓመት 3.2 በመቶ ሆኑ። እነዚህን ቁጥሮች እራት ላይ ደጋግመን አወራናቸው። የ8ኛ ክፍል ልጅ ይሰማ ነበር። «ጎበዝ ካልሆንክ አለቀልህ» ብለነው ስናበቃ ለምን እንቅልፍ እንደሌለው እንጠይቃለን።

የፊልሙ ምርጥ ቦታ ግን መጨረሻው አካባቢ ያለው ነው። ራይሊ በጨዋታው ላይ ጓደኛዋን ገጭታ ለ2 ደቂቃ ከሜዳ ትወጣለች። የቅጣት ወንበሩ ላይ ብቻዋን ነች። ልቧ ይመታል፣ ትንፋሿ ይቆራረጣል። ጭንቅላቷ ውስጥ ጭንቀት በሰሌዳው ዙሪያ ትሽከረከራለች፤ በጣም ከመፍጠኗ የተነሳ አትያዝም። የሽክርክሪቱ መሃል ላይ ግን ራሷ ጭንቀት ደርቃ ቆማለች፣ ዓይኗ እንባ አቅርሯል። ማቆም አቅቷታል። ልጆችን እያሳቀ የቆየ ፊልም እዚህ ላይ ደፍሮ ዝም ይላል።

ቀጥሎ የሆነውንም እዩልኝ። ማንም መጥቶ «አይዞሽ፣ ምንም አይደለም» አላላትም። ራይሊ ወንበሩን በእጇ ዳሰሰች። ብርሃኑ ፊቷ ላይ አረፈ። ዙሪያዋ ያለውን ድምፅ ሰማች። ትንፋሿ ተመለሰ። የሚነካውንና የሚሰማውን ልብ ማለት የሥነ ልቦና ባለሙያዎች እንዲህ ላለው ሰዓት የሚመክሩት ነገር ነው። ለፊልሙ ያማከሩት ሊሳ ዳሞር እና ዳከር ኬልትነር የሚባሉ የታወቁ ባለሙያዎች ናቸው፤ ድካማቸው እዚህ ጋ ይታያል። ፈተና ክፍል ውስጥ እጁ የሚንቀጠቀጥ ልጅ ሰነፍ አይደለም። ቡዳም አልበላውም። ይህን ለማስረዳት እኛ ብዙ ቃል ያስፈልገናል፤ ፊልሙ በጥቂት ደቂቃ ጨረሰው።

ደስታም ጥፋት አለባት፤ ይህንንም ወድጄለታለሁ። ራይሊ የምታፍርባቸውን ትዝታዎች በሙሉ ወደ አእምሮዋ ጓዳ ስትወረውር የኖረችው ደስታ ነች። ልጅቷ ስለራሷ «እኔ ጥሩ ሰው ነኝ» ብቻ እንድታስብ ፈለገች። ጭንቀት ስትመጣ ያው ነገር ተገልብጦ «እኔ አልበቃም» ሆነ። መፍትሔው ከሁለቱም አልመጣም። ራይሊ ደግም ነች፣ ራስ ወዳድም ነች፣ ደፋርም ነች፣ ትፈራለችም። ልጁን «የኔ አንበሳ» እያለ ለሚያሳድግ ወላጅ ይህ ከባድ ሐሳብ ነው። እኔ ግን ትክክል ነው እላለሁ።

ወደ ድክመቱ ልምጣ። መንገዱ የድሮው መንገድ ነው። በመጀመሪያው ፊልም ደስታ መቆጣጠሪያ ሰሌዳው ካለበት ቦታ ወጥታ በልጅቷ አእምሮ ውስጥ ተንከራታ ተመለሰች። በሁለተኛውም ወጥታ፣ ተንከራታ ተመለሰች። አብረዋት የሚጓዙት በዙ እንጂ ጉዞው አልተለወጠም። በመጀመሪያው ክፍል ቢንግ ቦንግ የሚባለው የራይሊ የልጅነት ምናባዊ ጓደኛ ሲጠፋ የሚያለቅሰው ትልቁ ሰው ነበር። እዚህ ያንን የሚያህል ነገር የለም።

ቅናትና መሰልቸትም ባክነዋል። መሰልቸት ሶፋ ላይ ተኝታ ስልክ ትነካካለች፣ በቃ። ቅናት ደግሞ ዓይኗን ታፈጣለች። ሁለቱም በ13 ዓመት ልጅ ሕይወት ውስጥ ከዚህ በላይ ቦታ አላቸው። ሐፍረት ይሻላል፤ ትንሽ ቢናገርም ለሐዘን የዋለላት ውለታ ያምራል። የራይሊ ጓደኞችም ቶሎ ይቅር አሏት። ያን ያህል የተጎዱ ልጆች በአንድ ይቅርታ አይመለሱም፤ ፊልሙ 1 ሰዓት ከ36 ደቂቃ ስለሆነ ቸኮለ።

ከሁሉም የሚያሳዝነኝ የወላጆቿ ነገር ነው። ካምፕ አድርሰዋት ሄዱ፤ ከዚያ በኋላ የሉም ማለት ይቻላል። በራይሊ ጭንቅላት ውስጥ ትልቅ ቦታ ያላቸው ነገሮች እንደ ደሴት ይታያሉ፤ የቤተሰብ ደሴት የምትባለው ከጓደኝነት ደሴት ጀርባ ተሸፍና ትንሽ ሆናለች። እውነት ነው፣ በዚህ ዕድሜ ልጅ ወደ ጓደኛ ያዘነብላል። ይህን ማሳየቱ ጥፋት አይደለም። ግን የመጀመሪያው ክፍል የተፈታው ራይሊ እናትና አባቷ ፊት አልቅሳ «ከፍቶኛል» ስትል ነበር። እነሱም እቅፍ አድርገዋት የራሳቸውን ናፍቆት ነገሯት። በሁለተኛው ግን ልጅቷ ከዚያ ሁሉ ጭንቀት የምትወጣው ያለ አንድ ትልቅ ሰው ነው። አሠልጣኟም ስለ ጭንቀቷ አታናግራትም። ልጆቻችን ከዚህ የሚወስዱት «ጭንቀትህን ለብቻህ ተወጣው» የሚል ከሆነ አልስማማም። ጎረቤት ሁሉ ልጅ በሚቆጣበት ሰፈር ላደግን ሰዎች ይህ ጎዶሎ ነው።

ፊልሙ በዓለም ዙሪያ ከ1.6 ቢሊዮን ዶላር በላይ አስገብቷል። በዓመቱ እሱን ያህል ያስገባ ፊልም አልነበረም። ለኦስካርም ታጭቶ ሳያሸንፍ ቀረ። ለእኔ የመጀመሪያው አሁንም ይበልጣል፤ በጭንቀቱ ትዕይንት ግን ሁለተኛው ይበልጠዋል። ልጃችሁ አንዱን ብቻ የሚያይ ከሆነና 12 ካለፈው ሁለተኛውን አሳዩት። ከዚያ በታች ከሆነ የመጀመሪያው ይሻለዋል።

ለሚቀጥለው ቅዳሜ የመጀመሪያውን ክፍል አዘጋጅተናል። ወላጆች ልጆቹን አድርሳችሁ እንዳትመለሱ፤ አብራችሁ ተቀመጡ። አሁን ማይኩን ለልጆች እሰጣለሁ። በተለይ ወላጆች መቅረታቸው ትክክል ነው የምትሉ ካላችሁ ምክንያታችሁን መስማት እፈልጋለሁ። እጃችሁን አውጡ።