ብር የነካ እጅ

ጤና ይስጥልኝ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፤ ብቻዬን ስለ እድፍ ላወራ ነው፣ ብር ላይ ስላለው እድፍ። ጥያቄዬም ይህ ነው፦ በንጽሕናም በደኅንነትም ጥሬ ብር ይሻላል ወይስ የባንክ ካርድ?

ቤታችን ውስጥ ብር ቆጥሮ ዳቦ መቁረስ ክልክል ነበር። እናቴ ስለ ጀርም ከመጽሐፍ አልተማረችም፤ ብሩ የት የት ሲዞር እንደሚውል ግን አሳምራ ታውቃለች። የታክሲ ረዳት በጣቶቹ መካከል አጥፎ ይይዘዋል፤ ሥጋ ቆራጭ በቅባት እጁ ይቀበለዋል፤ ሠርግ ላይ ከአዝማሪ ግንባር ላብ ጋር ይጣበቃል። በመጨረሻ የሚቆጥረው ሰው አውራ ጣቱን ምላሱ ላይ ነካ ያደርጋል። ከብሩ ይልቅ እኔን የሚያስፈራኝ ይህ አውራ ጣት ነው። ጀርም በራሱ ተራምዶ አፍ አይደርስም፤ እጅ ነው የሚያደርሰው። እኛ ደግሞ በእጃችን የምንበላ፣ ሌላውንም የምናጎርስ ሰዎች ነን።

በኮሮና ጊዜ ብር ፀሐይ ላይ አስጥቼ አውቃለሁ፤ አትሳቁ። ካርድ ንጹሕ ነው ብዬም አምን ነበር። በዚያው ሰሞን፣ በ2020 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት ግን ቫይረሱ በቤተ ሙከራ ውስጥ ካርቶን ላይ እስከ 1 ቀን፣ ፕላስቲክ ላይ እስከ 3 ቀን እንደሚቆይ አሳየ። ካርድስ ፕላስቲክ አይደል? የኤቲኤም ቁልፎችንም ሰፈሩ ሁሉ ይጫናቸዋል። የካርድ ብልጫው የራሴ መሆኑ ነው፤ ስፈልግ እጠርገዋለሁ። በፕላስተር የተጣበቀ መቶ ብር ማን ያጥባል? ሳሙና እስካለ ድረስ ግን በንጽሕና በኩል ብዙ አልከራከርም።

የደኅንነቱ ነገር ነው የከበደኝ። በ2013 ዓ.ም. መስከረም ላይ አዲሶቹ የብር ኖቶች ወጡ፤ ባለ 200 ብሩን ያወቅነውም ያኔ ነው። ግንቦት ላይ ቴሌብር መጣ። አዲሱ ብር እድፍ ሳይጠግብ ተፎካካሪ ተነሣበት። እኔ ደስ አለኝ። ካርዴ የጠፋብኝ ቀን እንኳ ባንክ ደውዬ አሳግጄው ተኝቻለሁ፤ የጠፋ ብር ግን አይታገድም።

በቅርቡ ኤቲኤም ሰልፍ ላይ አንዲት እናት ካርዳቸውን ዘረጉልኝ። «የኔ ልጅ፣ ዐይኔ አያይልኝም፤ 2,000 ብር አውጣልኝ።» ካርዱ የተጠቀለለበት ወረቀት ላይ የሚስጥር ቁጥሩ ተጽፏል። ያም አልበቃ ብሎ ጮክ ብለው በቃል ነገሩኝ። ሰልፉ በሙሉ ሰማ። መቀነታቸው ላይ የቋጠሩትን ሌባ ቢወስድባቸው የሚሄደው ያችው ቋጠሮ ናት። ያ ወረቀት ክፉ እጅ ቢገባ ግን ገንዘባቸው ዛሬም ነገም እየተቆነጠረ ያልቃል፤ እሳቸውም የሚያውቁት በሚቀጥለው ወር መጥተው ባዶ ሲያገኙት ነው። ለእኔ መከታ የሆነው ካርድ ለእሳቸው ክፍት በር ነው።

«እማማ፣ ይህን ቁጥር ለማንም እንዳይነግሩ» አልኳቸው።

«አንተ ማንም ነህ እንዴ?» አሉኝ።

መልስ አጣሁ። ብሩን ተቀብለው አውራ ጣታቸውን በምራቅ እያራሱ አንድ በአንድ ቆጠሩት፤ መቀነታቸው ላይ ቋጠሩት። ከዚያ ከዘንቢላቸው ቆሎ ዘገኑና በዚያው እጃቸው ሰጡኝ።

ተቀብዬ በላሁ።