አምስት ሳንቲም የያዘች ልጅ

ሰላም፣ እንዴት ናችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። የማወራው ስለ ሁለት ነገር ነው። አንዱ ሸመታ ነው። ሌላው ደግሞ ዋና ገጸ ባሕርያቸው ልጅ የሆነባቸው ልብ ወለዶች። ምን አገናኛቸው ትሉኝ ይሆናል። እኔ ጋ ይገናኛሉ፣ ትንሽ ታገሱኝ።

ከሸመታው ልጀምር። ዕቃ ላይ እኔ አቋም አለኝ፣ ጓደኞቼ እስኪሰለቹኝ ድረስ። ጃንጥላ ላይ ገንዘብ አትሰስቱ፤ ሐምሌ ላይ መንገድ ዳር የሚሸጠው ርካሹ የመጀመሪያው ነፋስ ሲመታው ይገለበጣል። ጫማ ከሆነ፣ በሁለት ወር ከሚላቀቅ አዲስ ጫማ ይልቅ በደንብ የተመረጠ ሰልባጅ ይሻለኛል። ፔርሙዝ ስትገዙ የተሳለበትን አበባ ትታችሁ ክዳኑን እዩ። ስለ ቻርጀር አላወራም፣ ያናድደኛል።

ግን እነዚህ የሚጠቅሙ ዕቃዎች ናቸው፣ ስለሚጠቅም ዕቃ ደግሞ መካሪ ሞልቷል። እኔን የሚይዘኝ የማይጠቅመው ነው። ደሞዝ ወጥቶ፣ የቤት ኪራዩ ተከፍሎ፣ ዘይቱም ሽንኩርቱም ተገዝቶ፣ በተረፈችው ብር አንዲት የፀጉር ጌጥ የምትገዛ ሴት አለች አይደል? ወዲያው ከጎኗ "ይሄ ደግሞ ምን ያደርግልሻል?" የሚል አይጠፋም። ያንኑ ጌጥ ገንዘብ ያላት ሴት ብትገዛው "ምርጫ ታውቃለች" ትባላለች። ያቺኛዋ ግን አባካኝ ናት። እኔ ይሄ አይዋጥልኝም።

ይሄን ነገር በደንብ ያየሁት በመጽሐፍ ነው። ቤቲ ስሚዝ የምትባል አሜሪካዊት በ1943 እ.ኤ.አ. ያሳተመችው ልብ ወለድ አለ፣ ርዕሱ በእኛ "ብሩክሊን ውስጥ አንድ ዛፍ ይበቅላል" እንደማለት ነው። ዋናዋ ልጅ ፍራንሲ ትባላለች። ታሪኩ ሲጀምር 1912 እ.ኤ.አ. ነው፣ እሷ 11 ዓመቷ ነው፣ የድሃ ልጅ ናት። ቅዳሜ ቅዳሜ ከታናሽ ወንድሟ ጋር ሳምንቱን የለቃቀሙትን ጨርቅ፣ ወረቀትና ብረታ ብረት ወስደው ይሸጣሉ። ያው የእኛው ቆራሌው ማለት ነው፣ እዚያ ግን ልጆቹ ናቸው ወደ ገዢው የሚሄዱት። ካገኙት ግማሹ ቤት ውስጥ በምስማር ወደተመታችው የቆርቆሮ ባንካቸው ይገባል።

ከዚያ ፍራንሲ አምስት ሳንቲሟን ጨብጣ ርካሽ ዕቃ የሚሸጥበት ትልቅ ሱቅ ትገባለች። ምንም አትገዛም። ትዞራለች፣ ዕቃውን ታነሳለች፣ ትነካለች፣ መልሳ ታስቀምጣለች። ብር ስላላት የትኛውንም ብትነካ ማንም አያባርራትም። በጠገበች ጊዜ ሄዳ ቀድማ ያሰበችውን ሮዝና ነጭ ከረሜላ ትገዛለች። አያችሁ? ሳንቲሟ ከረሜላውን ከመግዛቷ በፊት ሱቁ ውስጥ የመቆም መብት ገዝታላታለች። መርካቶ ውስጥ ምንም ሳይገዛ ግማሽ ቀን ዞሮ ደስ ብሎት የሚመለስ ሰው ይሄ ይገባዋል።

ሌላም አለ። ቤታቸው ውስጥ ቡና ለሁሉም ይደርሳል፣ ለልጆቹም። ፍራንሲ ሽታውንና ሙቀቱን ነው እንጂ መጠጣቱን ያን ያህል አትወድም፣ ብዙ ጊዜ ሳትቀምሰው ትደፋዋለች። አክስቶቿ ይቆጣሉ። እናቷ ኬቲ ግን፣ እኚያ የሰው ቤት ወለል እየፈገፈጉ ሳንቲም የሚቆጥሩ እናት፣ ድርሻዋ ነው ትድፋው ይላሉ። እንደ እኛ ያለ ሰውም አንዳንዴ የሚያባክነው ነገር ቢኖረው ጥሩ ነው፣ ብዙ ገንዘብ ቢኖር ምን እንደሚመስል ይቅመሰው ነው ሐሳባቸው። የሀበሻ ልጅ ሆኜ ቡና ሲደፋ ሳነብ ሆዴን ቆረጠኝ፣ አልዋሽም! ግን ከኬቲ ጎን ነኝ።

እንግዲህ ልጅ ያለበት ልብ ወለድ ሳነብ የምፈልገው ይሄንን ነው። ልጁ ኪስ ውስጥ ስንት አለ? ከየት አመጣው? የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ በየምዕራፉ ካፌ ቁጭ ብሎ ማኪያቶ የሚያዝበትን መጽሐፍ አልችለውም፣ ሒሳቡን ማን እንደሚከፍል ደራሲው ራሱ አያውቅም። ስለ ፍቅሩ ሦስት ገጽ ይተነትንልኛል፣ የታክሲ እንኳን አይከፍልም!

የእኛ ልብ ወለድ ሲጀምር እንዲህ አልነበረም እኮ። በ1900 ዓ.ም. ሮም የታተመው የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ልብ ወለድ፣ ጦብያ የምንለው፣ የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ ነው፤ ዋናዎቹ መንታ ልጆች ናቸው፣ ዋህድና ጦብያ። እዚያ ገንዘብ ከታሪኩ አይወጣም። አባት ይማረካል፣ ማስለቀቂያ ይጠየቃል፣ አንድ ደግ ነጋዴ ይደርስላቸዋል። በኋላ ዋህድ ያን ነጋዴ ፍለጋ ወጥቶ ራሱ በባርያ ፈንጋዮች እጅ ይወድቃል። ቋንቋው ዛሬ ሊከብዳችሁ ይችላል፣ ቢሆንም ሞክሩት።

የዛሬ ልጅ ደግሞ ሌላ ችግር አለበት። እኛ ሱቅ ስንላክ መልሷ የኛ ነበረች፣ በሷ ደስታ ከረሜላ ልግዛ ወይስ ላስቀምጣት ብለን እንጨነቅ ነበር። አሁን ባለሱቁ "ዝርዝር የለኝም" ብሎ ማስቲካውን ራሱ ይሰጠዋል። ልጁ ማስቲካውን አገኘ፣ መምረጡን ግን ተቀማ። እስቲ አንድ ደራሲ ይሄን ይጻፍልኝ።

ስለዚህ እኔ የእህቴን ልጆች ሾላ ገበያ ስወስዳቸው ለየራሳቸው ብር እሰጣለሁ፣ ምን ገዛህ፣ ለምን ገዛሽ የለም። ትልቁ ባለፈው ረጅም ሰዓት ዋጋ ሲጠይቅ፣ ሲያነሳ ሲጥል ቆይቶ የቁልፍ መያዣ ገዛ። ቁልፍ የለውም። ባለሱቋ ቀንሺልኝ ሲላትም እንደ ትልቅ ሰው ተከራከረችው እንጂ አልሳቀችበትም፣ በዚህ ወደድኳት። እህቴ ማታ ደውላ "ምን የሚሉት ብክነት ነው?" አለችኝ። የፍራንሲን መጽሐፍ ላውስሽ አልኳት፣ እስካሁን መልስ የለም።