ሻምፒዮኗም ከመጀመሪያው ዙር ትጀምራለች፦ የሴቶች የዓለም ቼዝ ሻምፒዮና የመጀመሪያ ዘመን

እ.ኤ.አ. በ1927 አሌክሳንደር አሌክሂን በቦነስ አይረስ ሆሴ ራውል ካፓብላንካን አሸንፎ የቼዝ የዓለም ሻምፒዮን ሲሆን፣ ከማን ጋርና በምን ሁኔታ እንደሚጋጠም የመወሰን ሥልጣንም አብሮ በእጁ ገባ፤ ካፓብላንካም ደጋግሞ የጠየቀውን የመልስ ግጥሚያ ሳያገኝ ቀረ። በዚያው ዓመት በለንደን የተጀመረው የሴቶች የዓለም ሻምፒዮና ግን ለባለማዕረጓ እንዲህ ያለ መብት አልሰጣትም። ውድድሩ በአብዛኛው ሁሉም ከሁሉም ጋር የሚጫወትበት ስለነበር፣ ሻምፒዮኗ እንደ ማንኛዋም ተወዳዳሪ ከመጀመሪያው ዙር ጀምራ ነጥብ መሰብሰብ ነበረባት። የዚያን ዘመን ማዕረግ እጅግ የሚያስከብረው ይህ ይመስለኛል።

አሁን በምስሉ ላይ የምትመለከቱት የለንደኑ ውድድር የውጤት ሰንጠረዥ ነው። ማሸነፍ አንድ፣ አቻ ግማሽ ነጥብ ያስገኛል። ከ12ቱ ተጫዋቾች መካከል በሞስኮ ከቼክ አባትና ከእንግሊዛዊት እናት የተወለደችው የ21 ዓመቷ ቬራ ሜንቺክ፣ ከ11 ጨዋታ አሥሩን አሸንፋና በአንዱ አቻ ወጥታ በ10.5 ነጥብ የመጀመሪያዋ ሻምፒዮን ሆነች።

ከዚያ በኋላ በሐምቡርግ፣ በፕራግ፣ በፎክስተን፣ በዋርሶና በስቶክሆልም ማዕረጓን ያስጠበቀችው እንደ አዲስ እየተወዳደረች ነው። በፎክስተንና በስቶክሆልም 14ቱንም ጨዋታዎች አሸንፋለች። የ1939ኙ የቦነስ አይረስ ውድድር ተጨምሮ ሰባቱ ውድድሮች ሲደመሩ ከ83 ጨዋታ 78ቱን አሸንፋ፣ በ4ቱ አቻ ወጥታ፣ የተሸነፈችው በ1930 በሐምቡርግ አንድ ጊዜ ብቻ ነው።

እነዚህ ቁጥሮች ግን ተጋጣሚዎቿ ደካሞች ነበሩ ወደሚል ድምዳሜ ሊመሩን አይገባም። በ1939 በቦነስ አይረስ በተካሄደው ውድድር፣ ከናዚ መንግሥት ጋር በመቃረኗ በጀርመን ስም መጫወት ያልቻለችውና በስፓኒሽ «ነጻ» የሚል ትርጉም ባለው «ሊብሬ» በሚለው ቃል ሥር የተሰለፈችው ሶንያ ግራፍ፣ ከሜንቺክ ጋር ባደረገችው ጨዋታ ወደ ድል የሚያደርስ ቦታ ይዛ ነበር። ይሁን እንጂ ሜንቺክ በጽናት ተከላክላ ጨዋታውን ገለበጠችው፤ ከ19 ጨዋታም 18 ነጥብ አግኝታ አንደኛ ወጣች። ሁለተኛውን የዓለም ጦርነት ያስጀመረው የፖላንድ ወረራ የተፈጸመው ውድድሩ ሳይጠናቀቅ ነው።

ሜንቺክ ሰኔ 1944 በለንደን፣ ጀርመኖች በተኮሱት በራሪ ቦምብ ከእናቷና ከእህቷ ጋር ሕይወቷ አለፈ። ማዕረጉን ማንም ሳይነጥቃት ስለሞተች፣ ዙፋኑ ለአምስት ዓመታት ያህል ባዶ ሆኖ ቆየ።

የዓለም ቼዝ ፌዴሬሽን ክፍተቱን የሞላው በዚያው በአሮጌው ሥርዓት ነበር። ከታኅሣሥ 1949 እስከ ጥር 1950 በሞስኮ 16 ተጫዋቾች እርስ በርስ ተጋጠሙ፤ ሊውድሚላ ሩደንኮም በ45 ዓመቷ ከ15 ጨዋታ 11.5 ነጥብ ይዛ አሸነፈች። ይህች ሴት ሌኒንግራድ በጠላት በተከበበችበት ወቅት ሕፃናትን በባቡር ከከተማዋ የማስወጣቱን ሥራ ያስተባበረች ሲሆን፣ ከሻምፒዮንነቷ ይልቅ የምትኮራበት ይህንኑ ተግባሯን ነበር።

የሞስኮው ውድድር የአሮጌው ሥርዓት መጨረሻ ሆነ። ከዚያ በኋላ ተፎካካሪዎች በማጣሪያ እየተለዩ ሻምፒዮኗን በግጥሚያ እንዲፈትኑ ተወሰነ፤ በ1953 ኤሊዛቬታ ቢኮቫ ማዕረጉን ከሩደንኮ የተረከበችው በ14 ጨዋታ ግጥሚያ 8 ለ 6 አሸንፋ ነው።