ሻፍላችሁ ለምን አይጠራም? ታፕ ዳንስ ለጀማሪ

(ስክሪኑ ጥቁር ነው፣ ድምፅ ብቻ)

ሰላም ሰላም፣ እስቲ ምንም ሳታዩ መጀመሪያ ይሄን ስሙት... ሁለት ድምፅ ነው አይደል፣ እኩል እኩል። ይሄ ሻፍል ይባላል፣ ታፕ ውስጥ፣ ማለትም ስሩ ብረት ባለው ጫማ ወለሉን እየመታን ድምፅ በምናወጣበት ዳንስ ውስጥ፣ ያለው ብዙው ስቴፕ የሚገነባው በሱ ስለሆነ ዛሬ ብዙውን ጊዜ የምንቆየው እሱ ላይ ነው።

ስክሪኑን ያጠፋሁት አውቄ ነው፣ ታፕ በጆሮ ነው የሚለካው፣ ታሪኩም ከሪትም ነው የሚነሳው። በፈረንጆች በ1739 አሜሪካ፣ ሳውዝ ካሮላይና ውስጥ ስቶኖ ላይ በባርነት የነበሩ ሰዎች ከበሮ እየመቱ አመፁ፣ በ1740 ከበሮ በህግ ተከለከለባቸው፣ ሪትሙ ግን አልጠፋም፣ በእጅ ጭብጨባና በእግር ቀጠለ። ከመቶ አመት በኋላ ኒውዮርክ ፋይቭ ፖይንትስ ሰፈር ጥቁሮችና አይሪሾች ጎረቤት ሆነው ሲኖሩ አጨፋፈራቸውም ተደባለቀ፣ ማስተር ጁባ እየተባለ የሚጠራው ጥቁር ዳንሰኛ ዊሊያም ሄንሪ ሌን ስሙ የገነነው እዛ ነው። እና እግራችሁ ከበሮ ነው ስላችሁ የምሬን ነው።

(ካሜራው ቀኝ እግር ላይ)

በግራ እግር ቁሙ፣ ጉልበት ትንሽ ሰበር ይበል። ቀኙን ትንሽ አንሱትና የእግራችሁ ፊት፣ ማለትም ከጣቶቹ ስር ያለው ወፈር ያለ ቦታ፣ ወደፊት ሲሄድ ወለሉን አንዴ ይምታ፣ ሲመለስም አንዴ። ሁሉም ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው፣ ኳስ እንደሚመታ ከጉልበት ይወረውረዋል፣ ቁርጭምጭሚቱ ይደርቃል፣ ከዛ ድምፁ ሽሽሽ የሚል መጎተት ይሆናል። እግራችሁ ውሃ ነክቶት ስታራግፉት ቁርጭምጭሚታችሁ እንዴት ይላላል? እንደዛ ነው የምፈልገው፣ እንቅስቃሴው በጣም ትንሽ ይሁን፣ ባነሰ ቁጥር ድምፁ ይጠራል።

ሜትሮኖም፣ ማለትም እኩል ምት የሚመታ አፕ፣ ስልካችሁ ላይ አውርዱና በደቂቃ 60 ምት ላይ አድርጉት፣ በአንድ ምት አንድ ድምፅ። ያሰለቻል አውቃለሁ ግን ፍጥነት ከዚህ ነው የሚመጣው። እኩል ሲሆንላችሁ በአንድ ምት ሁለት ድምፅ፣ ከዛ ድምፃችሁን ቅረፁና እግራችሁን ሳታዩ አዳምጡት።

ፍላፕ የሚባለው ስቴፕም ሁለት ድምፅ ነው፣ ልዩነቱ ሁለተኛው ድምፅ ላይ ክብደታችሁ እግሩ ላይ ያርፋል፣ ሻፍል ላይ ግን እግሩ አየር ላይ ይቀራል። ጀማሪ ሁለቱን የሚያምታታው ክብደቱ የት እንዳለ ስለማያውቅ ነው። ሻፍል ቦል ቼንጅ ደግሞ፣ ሻፍሉ ላይ ክብደትን ከአንዱ እግር ፊት ወደ ሌላው ቶሎ መቀየር ሲጨመር፣ አራት ድምፅ ነው፣ ሻ-ፍል-ቦል-ቼንጅ እያላችሁ በአፋችሁ በሉት፣ አፍ ካልቻለው እግር አይችለውም።

ተረከዝስ? ከድሮዎቹ ታዋቂ የታፕ ዳንሰኞች ቢል ቦጃንግልስ ሮቢንሰን በእግሩ ፊት ላይ ቀለል ብሎ ነበር የሚጨፍረው፣ ጆን በብልስ ነው ተረከዝ እየጣለ ወፍራሙን ድምፅ በደንብ ያስገባው። እናንተም በዚሁ ቅደም ተከተል ሂዱ፣ የእግር ፊት መጀመሪያ፣ ከዛ ክራምፕ ሮል የሚባለው ስቴፕ፣ እሱም ቀኝ ፊት፣ ግራ ፊት፣ ቀኝ ተረከዝ፣ ግራ ተረከዝ።

አደራ፣ ሊሾ ወይም ሴራሚክ ላይ አትለማመዱ፣ ጉልበትና ቅልጥም ይጎዳል፣ ከስሩ ምንጣፍ ነገር ያለው ኮምፔንሳቶ ይሻላል።

በሉ አሁን በግራ እግር፣ በሰነፉ፣ 60 ላይ... አንድ፣ ሁለት፣ ሶስት፣ አራት።