የትራይፖድ ማሰሪያ ቃሊቲ እናሠራ፦ ለሚዲየም ፎርማት ካሜራ

ሰላም ሰላም! እንኳን ደህና መጣችሁ። ከጀርባዬ የሚጮኸው ግራይንደር ነው፣ ታገሱት። ያለሁት ቃሊቲ ነው፤ የከባድ መኪና ተሳቢ የሚጠገንበት ብረታ ብረት ቤት። የመጣሁት ግን ለፎቶ ካሜራ ነው። አዎ፣ ለፎቶ ካሜራ! ለዚያውም ለሚዲየም ፎርማት፦ 120 በሚባለው ሰፊ ፊልም ለሚሠራው፣ ለትልቁ።

ማሚያ አርቢ67 የምትባለውን ካሜራ የያዘ ሰው ነገሩን ያውቀዋል። ከ90 ሚሊሜትር ሌንሷና ፊልሙን ከሚይዘው ጀርባዋ ጋር 2.7 ኪሎ ገደማ ትመዝናለች። ከትራይፖዱ፣ ከባለ ሦስት እግሩ ማቆሚያ፣ ጋር የሚያገናኛት ደግሞ አንድ ብሎን ነው። አንድ! ፎከስ ስታደርጉ ሌንሱ ወደ ፊት ይወጣል፤ ክብደቱም አብሮት ይሄዳል። ለትንሽ ዲጂታል ካሜራ የተሠራ የፕላስቲክ ሳህን፣ ማለትም ካሜራውና ትራይፖዱ መካከል የሚገባው ጠፍጣፋ ማሰሪያ፣ ይህን አይችልም። ያጎነብሳል። ስለዚህ ጠንካራ ማሰሪያ እንፈልጋለን፤ ካጣን እናሠራለን።

እስቲ ጀበናን አስቡ። ቂጡ ክብ የሆነውን ጀበና። ጠረጴዛ ላይ ብቻውን አስቀምጡት፤ ወዲያው ይንገዳገዳል። ቡናውም ፈሰሰ፣ ጀበናውም ተሰበረ። እናቶቻችን ምን አደረጉ? ማቶት ሠሩለት። ማቶት ጀበናውን የሚይዘው አንድ ነጥብ ላይ አይደለም፤ ዙሪያውን ነው። ጀበናው ሙሉም ይሁን ባዶ፣ እንደ ተቀመጠ ይቀመጣል። ማቶቱ ከሣር ይሰፋ፣ ከጨርቅ ይጠቅለል፣ ሥራው ያው ነው፦ ሰፋ አድርጎ መቀበል። ለትልቅ ጀበና የትንሹ ማቶት ሲቀርብ አይታችኋል? እኔ ዓይኔን ከጀበናው ላይ መንቀል አልችልም፤ ጨዋታው ሁሉ ያመልጠኛል። ካሜራም እንደዚያ ነው። ብሎኑ ስቦ ይይዛል፤ የሚሸከመው ሳህኑ ነው። ሳህኑ የካሜራውን ወለል ሰፋ አድርጎ ካልተቀበለ፣ ብሎኑን የቱንም ያህል ብታጠብቁት ዋጋ የለውም። ማቶት! የምንሠራው ማቶት ነው። ልዩነቱ አንድ ነው፦ ጀበና ማቶቱ ላይ ቢዞር ማንም አይቆጣም። ካሜራ ግን መዞር የለበትም። ስለዚህ የእኛው ማቶት ጠርዙ ላይ ካሜራውን የሚያቆም ከፍ ያለ ከንፈር ይኖረዋል።

ወደ ሥራው ልገባ ነበር። ግን ብዙዎቻችሁ አንድ ነገር ደጋግማችሁ ጻፋችሁልኝ፤ ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። «6 ሚሊ ብሎን ይገባል እኮ፣ ምን ያለፋሃል?» ይገባል። አዎ፣ ይገባል! ችግሩም እሱ ነው።

የካሜራ ብሎን የኢንች ነው። ሩብ ኢንች፤ 6.35 ሚሊሜትር ማለት ነው። በአንድ ኢንች ውስጥ 20 ጥርስ አለው። ከጥርስ እስከ ጥርስ 1.27 ሚሊ። መደበኛው የ6 ሚሊ ብሎን ግን ከጥርስ እስከ ጥርስ 1 ሚሊ ነው። ቀረብ ብላችሁ እዩ። ሁለቱን ጥርስ ለጥርስ ገጥሜ ወደ መብራቱ ያዝኳቸው። የመጀመሪያው ጥርስ ገጠመ። ሁለተኛው ላይ ብርሃን ሾለከ። ሦስተኛው ላይ ጥርስ ጥርስ ላይ ወጣ። አያችሁ? ካሜራው ውስጥም የሚሆነው ይኸው ነው። አንድ ሁለት ዙር ይገባል፣ ከዚያ ይጠብቃል። እናንተ «ያዘ» ትላላችሁ። አልያዘም፤ የካሜራውን ጥርስ እየበላ ነው። የአንድ ብሎን ዋጋ ስንት ነው? ለካሜራው ወለልስ መለዋወጫ ከየት ይመጣል? በ6 ሚሊ ብሎን የታሰረ ካሜራ ሳይ አንጀቴ ነው የሚያርረው።

መለያው ቀላል ነው። የ6 ሚሊ ብሎን ጭንቅላት በ10 ቁልፍ ይፈታል። የሩብ ኢንቹ ጭንቅላት ለ10 ቁልፍ ይተልቃል። ካሊፐር ካላችሁ ደግሞ የአሥር ጥርስ ርዝመት ለኩ። 12.7 ሚሊ ከሆነ የእኛ ነው። 10 ሚሊ ከሆነ ለሻጩ መልሱለት።

ከየት ይገኛል? የሠርግ ቪዲዮ የሚቀርጹ ልጆችን ጠይቁ፤ የተሰበረ ትራይፖድ አያጡም። ሳህኑ ላይ ያለው ብሎን ትክክለኛው ነው። ካልሆነ መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ። ናሙና ይዛችሁ ሂዱና «የሚሊ አይደለም፣ የኢንች» በሉ። ብዙ የድሮ የአውሮፓ ካሜራዎች ደግሞ ቀዳዳቸው ሰፋ ይላል፤ 3/8 ኢንች፣ 9.5 ሚሊ ገደማ፣ በኢንች 16 ጥርስ። ለእነሱ ወደ ሩብ ኢንች የምትቀንስ ትንሽ ቀለበት አለች፤ ውስጧም ውጪዋም ጥርስ ያለው።

እሺ፣ ሥራው። ፈጠን ልበል፣ ይህን ታውቁታላችሁ። 8 ሚሊ ውፍረት ያለው ድፍን አልሙኒየም። ድፍን! በርና መስኮት ከሚሠሩ ቤቶች የሚገኘው ቁራጭ ውስጡ ክፍት ነው፤ ለወለል አይሆንም፣ ይጎብጣል። በካሜራው ወለል ልክ ይቆረጥ። በ6.5 መብሻ ይበሳ። የብሎኑ ጭንቅላት እንዲሰምጥ ቀዳዳው ከታች ይስፋ። ብሎኑ ካሜራው ከሚያርፍበት ገጽ በላይ ብቅ የሚለው 4.5 ሚሊ ገደማ ብቻ ይሁን፤ ከረዘመ የካሜራውን ወለል ከውስጥ ይገፋል። ለትራይፖዱ ከታች ሌላ ቀዳዳ ይበሳና ጥርስ ይውጣለት፤ የኢንች ጥርስ ማውጫ እንዳላቸው አስቀድማችሁ ጠይቁ። ከላይ ስስ ቡሽ ይለጠፍ። ከመነዳሪ የምትለጥፉ አላችሁ፤ እኔ አልወደውም። ይለጠጣል፣ ካሜራውም ይንቀጠቀጣል። ከንፈሩ ጎን ላይ በሁለት ብሎን ይታሰር። ጋሼን እዩልኝ፤ የተሳቢ ብረት በሚያነሡበት እጅ ይህችን ጠርዝ በሞረድ እንዴት እንደሚያለሰልሷት! ጋሼ፣ እጅዎ ይባረክ።

ያሺካ ማት 124ጂ የሚባለው ካሜራ ያላችሁ፣ አንዴ ስሙኝ። የፊልም በሩ መቆለፊያ ያለው የብሎኑ ቀዳዳ ዙሪያ ነው። ሳህኑ እሱን ተጭኖ ከዞረ፣ መቆለፊያውንም ይዞት ሊዞር ይችላል። በሩ ከተከፈተ ፊልሙ አለቀለት። ቡሹን ወፈር አድርጉና በመቆለፊያው ስፋት ቅደዱለት፣ እንዳይነካው።

«ኤል ቅርጽ ሥራልን»፣ ካሜራውን በጎኑ ማቆም የሚያስችለውን ማሰሪያ፣ ያላችሁኝ ደግሞ፦ 6 በ6 ሴንቲ ካሬ ለሚያነሣ ካሜራ ምን ያደርጋል? በጎኑ ብታቆሙትም ካሬ ነው። አርቢ67ም ካሬ ባታነሣም፣ የፊልም ጀርባዋ ራሱ ይዞራል። ኤል የሚያስፈልገው ካሬ ለማያነሡና ጀርባቸው ለማይዞር፣ እንደ ማሚያ 645 ላሉት ካሜራዎች ነው። እሱን በሚቀጥለው ቪዲዮ እዚሁ እንሠራዋለን፤ እንዳያመልጣችሁ ሰብስክራይብ አድርጉ። እስከዚያ የካሜራችሁን የታች ቀዳዳ አጠገቡ ማስመሪያ አድርጋችሁ ፎቶ አንሡና ላኩልኝ። ሩብ ይሁን 3/8 አይቼ እነግራችኋለሁ።