ርስት በሺህ ዓመቱ ለባለቤቱ?

ሰላም ጤና ይስጥልኝ፣ እንዴት ከረማችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነው የማወራው። ዓመተ ምሕረቶቹን በፈረንጅ ነው የምጠራላችሁ፤ ውሎቹም ፍርዶቹም የሚታወቁት በዚያ ስለሆነ።

የዛሬው ጉዳዬ የድሮ ታሪክ የዛሬን መሬት ያስመልሳል ወይ የሚል ነው። ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ በኦክቶበር 2023 ስለ ቀይ ባሕር በቴሌቪዥን ከተናገሩ ወዲህ፣ ታክሲ ውስጥም ለቅሶ ቤትም አሰብ ይነሳል። ሲነሳ ደግሞ ወሬው ከአሰብ አይጀምርም፣ ከአክሱም ነው የሚጀምረው። አዱሊስ የማን ነበረች? ባሕረ ነጋሽ ለማን ነበር የሚገብረው? ልብ በሉ፣ ተናጋሪው አልዋሸም። አክሱም ቀይ ባሕር ላይ ወደብ ነበራት። እኔን የሚያብሰለስለኝ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ነበራት፣ እሺ፣ ታዲያ ምን ይከተላል?

አያቴ ጎጃም ውስጥ በርስት ሙግት ያረጁ ሰው ነበሩ። ትውልዳቸውን ከአፋቸው ሳይነጥቡ እስከ አቅኚው አባት ድረስ ይቆጥሩት ነበር። እኛ ልጆቹ አፋችንን ከፍተን እንሰማለን። ችግሩ ባላጋራቸውም ይቆጥራል። እሱም እዚያው አቅኚ አባት ላይ ይደርሳል፣ በእናቱ በኩል። ሁለቱም እውነታቸውን ነው፣ ሁለቱም ወራሾች ናቸው። ስለዚህ ሙግቱ አያልቅም። ደርግ በ1975 መሬትን የመንግሥት ሲያደርግ የርስቱ ሥርዓት ቀረ። "ርስት በሺህ ዓመቱ ለባለቤቱ" የሚለው ግን ከአፋችን አልጠፋም፣ ከልባችንም አልጠፋም። ስለ አሰብ ስናወራ የምናመጣው ይህንኑ ሙግት ይመስለኛል።

የትውልድ ቆጠራ ከተጀመረ ግን ማን ላይ ይቆማል? ኦቶማኖች ምጽዋን የያዙት በ1557 ነው። ግብፅ ከ1875 እስከ 1885 ሐረር ላይ ተቀምጣ ነበር። ነገ ካይሮ ተነስታ ሐረር የአያቶቼ ናት ብትል እንስቃለን። ለምን እንደምንስቅ ግን አንጠይቅም።

በዚህ ነገር ያልሳቅንበት ጊዜም አለ። የሶማሊያን ባንዲራ አስቡት። ሰማያዊ መደብ ላይ አንድ ነጭ ኮከብ፣ አምስት ጫፍ ያለው። ሲወጣ አምስቱ ጫፎች አምስት የሶማሌ ምድሮችን ይወክሉ ነበር፦ የእንግሊዝ ሶማሊላንድ፣ የጣሊያን ሶማሊያ፣ ጅቡቲ፣ የኬንያ ሰሜን ምሥራቅ፣ አምስተኛው ደግሞ ኦጋዴን። የሌላ አገር መሬት ባንዲራ ላይ ተሰፍቶ ነበር ማለት ነው። የሞቃዲሾም ሙግት ባዶ አልነበረም። ሕዝቡ አንድ ነው፣ ቋንቋው አንድ ነው፣ ወሰኑን የተዋዋሉት ምኒልክና ፈረንጆች ናቸው ይሉ ነበር።

ያኔ አዲስ አበባ ምን አለች? ውሉ ውል ነው፣ ወሰን አይነካም አለች። የአፍሪካ አንድነት ድርጅት በጁላይ 1964 ካይሮ ላይ ተሰብስቦ አገሮች ነጻ ሲወጡ የነበረውን ወሰን እንዲያከብሩ ወሰነ። ሶማሊያና ሞሮኮ አንቀበልም አሉ። እኛ ግን ጨበጥነው። ዚያድ ባሬ በ1977 ጦር ሲያዘምትብን ትልቁ የዲፕሎማሲ ጋሻችን ይኸው የካይሮ ውሳኔ ነበር። ይህን ጋሻ ኦጋዴን ላይ አንስቶ አሰብ ላይ መጣል አይመቸኝም። ደግሞ ሞቃዲሾም አሥመራም የሚያስታውሱት ነገር ነው።

ሩሲያ ዩክሬንን ልትወር ሦስት ቀን ሲቀራት፣ ፌብሩዋሪ 2022 ላይ፣ የኬንያው አምባሳደር ማርቲን ኪማኒ በጸጥታው ምክር ቤት የተናገሩት ያኔ በሰፊው ተሰምቷል። ወሰኖቻችንን እኛ አላሰመርናቸውም፣ በዘርና በሃይማኖት እንከፋፈል ብንል ኖሮ ዛሬም ስንዋጋ እንገኝ ነበር ነው ያሉት በአጭሩ። ፑቲን ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ሩሲያና ዩክሬን አንድ ሕዝብ ናቸው ብለው ረጅም የታሪክ ጽሑፍ አውጥተው ነበር። እኔ ያንን ጽሑፍ ሳይ የመጣብኝ የአገሬ ለቅሶ ቤት ነው። የክርክሩ አካሄድ ቁርጥ እሱን!

አሁን ወደ ባድመ ልምጣ፣ ምክንያቱም ታሪክ ፍርድ ቤት ሲገባ ምን እንደሚሆን እዚያ ላይ በደንብ ይታያል።

የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት ከሜይ 1998 እስከ ጁን 2000 ቆየ። በአስር ሺዎች የሚቆጠር ሰው አለቀ። በዲሴምበር 2000 ሁለቱ መንግሥታት አልጀርስ ላይ ፈረሙ። የዚያን ስምምነት አራተኛ አንቀጽ ሁላችንም ልናነበው ይገባ ነበር። ወሰኑ የሚለየው በ1900፣ በ1902 እና በ1908 ከጣሊያን ጋር በተፈረሙት የቅኝ ግዛት ውሎችና በዓለም አቀፍ ሕግ ነው ይላል። የካይሮውንም ውሳኔ ይጠቅሳል። ቀጥሎ ደግሞ ዳኞቹ ከሕጉ ወጥተው ለኅሊናችን ፍትሐዊ መስሎናል ብለው መወሰን አይችሉም ይላል። አስቡት እንግዲህ። ሁለቱም ወገኖች ዳኞቹን "ርኅራኄ አታሳዩን፣ ወረቀቱን ብቻ እዩ" ብለው ነው ሄግ የሄዱት።

ወረቀቱስ ምን ይላል? የ1902ቱ ውል መስመሩን ሰቲት ወንዝ ላይ ካለች አንዲት መጋጠሚያ አንስቶ መረብና ማይ አምበሳ እስከሚገናኙበት ይወስደዋል። በመካከል ያለውን የሁለቱ ወገን መልእክተኞች ሄደው ይለዩት ይላል፣ የኩናማ ሕዝብ ወደ ኤርትራ እንዲሆን አድርገው። መልእክተኞቹ ግን ሄደው አልለዩትም። መቶ ዓመት ሙሉ ያ ዓረፍተ ነገር እንደተንጠለጠለ ቀረ። ዳኞቹ ፊት የቀረበው ክርክር ታዲያ በውሉ የተጠራችው ወንዝ የትኛዋ ናት የሚል ነበር። አክሱም አልተነሳም። የኛ ወገን ባድመን ስናስተዳድር ኖረናል ብሎ ማስረጃ አቀረበ። ዳኞቹ የተሰየሙበት የወሰን ኮሚሽን ይህ በውል የተቀመጠውን መስመር ለመለወጥ አይበቃም አለ።

ውሳኔው አፕሪል 13 ቀን 2002 ወጣ። አዲስ አበባ አሸነፍኩ አለች፣ አሥመራም አሸነፍኩ አለች። ሁለቱም እንዲህ ማለት የቻሉት ውሳኔው ባድመ የማን ናት ብሎ በስሟ ስላልጠራት ነው። የሰጠው የነጥቦችን ልኬት ነው። ከተማዋ ከመስመሩ ወዲያ፣ ኤርትራ በኩል መዋሏ የገባን ቆይቶ ነው፣ ጭፈራው ካለፈ በኋላ።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያልቅ "ወረቀት የያዘ ያሸንፋል" ብለን እንለያይ ነበር። ግን አላለቀም። ዲሴምበር 2005 ላይ ሌላው ኮሚሽን፣ የካሳ ጥያቄዎችን የሚያየው፣ ኤርትራ ሜይ 12 ቀን 1998 ባድመን በጦር ስትይዝ የተባበሩት መንግሥታትን ቻርተር ጥሳለች ብሎ ወሰነ። የወሰን ክርክር አለኝ ብሎ ጦር ማንሳት ራስን መከላከል አይደለም አለ። ሁለቱን ፍርዶች አንድ ላይ አድርጋችሁ እዩአቸው። መሬቱ ያንተ ነው፣ በጉልበት መውሰድህ ግን ሕግ መጣስ ነበር። ለእኔ ከዚህ ሁሉ የሕግ ክምር ትልቁ ቁም ነገር ይሄ ነው። ሕጋዊ ባለቤቱ እንኳ በጠመንጃ መውሰድ ካልተፈቀደለት፣ በአክሱም ስም የሚመጣ ሰው ምን ሊባል ነው?

አሰብን በተመለከተ ወረቀቱ ይበልጥ ግልጽ ነው። አንድ የጣሊያን የመርከብ ድርጅት ቦታውን በ1869 ከአካባቢው ሱልጣኖች ገዛ፣ በ1882 የጣሊያን መንግሥት ተረከበው። የ1908ቱ ውል ደግሞ ወሰኑን ከባሕሩ ዳርቻ 60 ኪሎ ሜትር ወደ ውስጥ እያለ ዳርቻውን ተከትሎ እንዲሄድ አደረገው። ወንዝ አልታየም፣ ተራራ አልታየም፣ የአፋር ከብት የት ውኃ እንደሚጠጣ የጠየቀ የለም። ምኒልክ ፈርመውበታል።

የሕግ ሰዎቻችን የሚያነሱት አንድ ጠንካራ መከራከሪያ አለ፣ ሳልጠቅሰው አላልፍም። ጣሊያን በ1935 ወርራናለች፣ ስለዚህ ውሉን ራሷ አፍርሳዋለች፤ እኛም በ1952 ኤርትራ በፌዴሬሽን ስትቀላቀል ውሎቹን ውድቅ አድርገናል ይላሉ። እውነት ነው፣ ተደርጓል። ግን በ1993 ኤርትራ በሕዝበ ውሳኔ ስትለይ አዲስ አበባ ተቀበለች። በ2000 ደግሞ እነዚያኑ የሞቱ ውሎች በራሳችን ፊርማ አስነሳናቸው። የተቀበረውን ውል ቆፍረን ካወጣን በኋላ ሞቷል ብለን ማን ያምነናል?

አሰብ አትቆጭም እያልኩ አይደለም። እኔንም ይቆጨኛል። ከመቶ ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ንግዱን በአብዛኛው በአንድ ጅቡቲ ላይ ጥሎ መኖሩ ደግ አይደለም። የሚገርመኝ ግን ይሄኛው ሙግት አክሱምን አለመፈለጉ ነው። የባሕር ሕጉ ስምምነት አንቀጽ 125 ባሕር አልባ አገሮች በጎረቤት በኩል ወደ ባሕር የመተላለፍ መብት አላቸው ይላል፣ ዝርዝሩን ተነጋግረው ይስማሙበት ብሎ። ይሄ የኪራይ፣ የታሪፍ፣ የመንገድና የኢንሹራንስ ወሬ ነው። ደረቅ ነው፣ ለቅሶ ቤት አያሟሙቅም። የወደብ ባለቤት የሆነ ጎረቤት ግን ጆሮውን የሚሰጠው ለዚህ ነው። "አያቴ እዚህ ነግሦ ነበር" ስትለው ጦር ሠራዊቱን ነው የሚቆጥረው።

በጃንዋሪ 2024 ስለ ባሕር በር ከሶማሊላንድ ጋር የተፈረመው ሰነድ ሞቃዲሾን ምን ያህል እንዳስቆጣ አይተናል። ለማብረድ ዲሴምበር ላይ አንካራ ድረስ መሄድ አስፈልጓል።

በሚቀጥለው ክፍል በሱዳን ወሰን ላይ ያለውን የእርሻ መሬት፣ አልፋሽጋን፣ አነሳለሁ። የሱዳን ወሰን ውልም የተፈረመው ሜይ 15 ቀን 1902 ነው፣ የባድመው በተፈረመበት ቀን። በዓመቱ ጉዊን የሚባል እንግሊዛዊ መኮንን መስመሩን መሬት ላይ አወረደው። እዚያም ወረቀቱ የሚያደላው ለሱዳን ነው፣ አራሹ ግን ለብዙ ዓመት የኛ ገበሬ ነበር። አካባቢውን የምታውቁ፣ በተለይ የመተማና የሁመራ ልጆች፣ በድምፅ ላኩልኝ፣ አሰማዋለሁ። ቸር እንሰንብት።