እጃችንን ከማውጣታችን በፊት

የተከበሩ ዲን፣ የትምህርት ክፍል ኃላፊዎች፣ ውድ ባልደረቦቼ፤ እንደምን አደራችሁ።

ዛሬ የተጠራነው የሥርዓተ ትምህርት ለውጦችን ለመገምገም ነው። መንገዱን ሁላችንም እናውቀዋለን። ሐሳቡ ከትምህርት ክፍል ይነሣል። የኮሌጁ ኮሚቴ ያየዋል። የዩኒቨርሲቲው ሴኔት ያጸድቀዋል። ከዚያ ሬጂስትራር የኮርሶች ዝርዝር በሆነው ካታሎግ ላይ ያሰፍረዋል። ሦስት ቦታ ይታያል ማለት ነው። እኔ ግን ሦስቱንም ቦታ ሳይነበብ ሲያልፍ አይቻለሁ።

የስታቲስቲክሱን ነገር አብዛኞቻችሁ ታስታውሱታላችሁ። አንድ ትምህርት ክፍል የሁለተኛ ዓመት የስታቲስቲክስ መግቢያን ለማስወጣት ጠየቀ። ምክንያቱ መጥፎ አልነበረም፤ ተማሪዎቹ ኮርስ በዝቶባቸው ነበር። ሰነዱ ወፍራም ነው፤ የደረሰን ደግሞ የስብሰባው ዋዜማ ማታ። አጀንዳው ሲደርስ የምሳ ሰዓት ተቃርቧል። ክርክር አልጠፋም። ግን የተከራከርነው በግስ ላይ ነበር። «ተማሪው ያውቃል» የሚለው ቀርቶ «ተማሪው ይተነትናል» ይባል ተባለ። ሃያ ደቂቃ ሄደ። ቀጥሎ የዓመቱ ክሬዲት ተደመረ፤ የሚፈለገው 60 መጣ። እጅ አወጣን። እኔም አወጣሁ።

ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በምዝገባ ሳምንት፣ አንዲት ተማሪ ቢሮዬ በር ላይ ቆመች። የምዝገባ ወረቀቷ ከመታጠፍ ብዛት መሐሉ ላይ ሊቀደድ ደርሷል። የኛን የምርምር ዘዴ ኮርስ መውሰድ ግዴታዋ ነው፤ ሲስተሙ ግን አልመዘግብም ብሏታል። ለምን? ቅድመ ሁኔታው ያው ያስወጣነው ስታቲስቲክስ ነዋ! ሬጂስትራር ወደ ትምህርት ክፍሏ ላካት፣ ትምህርት ክፍሏ ወደ ዲን ቢሮ፣ ዲን ቢሮ መልሶ ወደ ሬጂስትራር። አራተኛ ቀኗ ነበር። «መምህር፣ እኔ ምን አጠፋሁ?» አለችኝ።

ምንም አላጠፋችም። ያጠፋነው እኛ ነን።

በልዩ ፈቃድ ተመዘገበች። እሷን መሰል ሌሎችም ገቡ። ሪግሬሽን ላይ፣ የነገሮችን ዝምድና በቁጥር ወደምንለካበት ምዕራፍ፣ ስደርስ ስታንዳርድ ዴቪዬሽን፣ ቁጥሮች ከአማካዩ ምን ያህል እንደሚራራቁ የሚያሳየው መለኪያ፣ ምን እንደሆነ የማያውቁ ልጆች ፊት ቆምኩ። የራሴን ምዕራፍ ትቼ ለሳምንታት ስታቲስቲክስ አስተማርኩ። ያስወጣነው ኮርስ ያለ ክሬዲት፣ ያለ ፈተና፣ በጓሮ በር ተመልሶ ገባ። ተማሪዎቹ የቀለላቸው ነገር የለም። በአውሮፓው አሠራር አንድ ክሬዲት ከ25 እስከ 30 ሰዓት የተማሪ ሥራ ነው። 60 ክሬዲት ማለት በዓመት ከ1500 እስከ 1800 ሰዓት ነው። እኛ የደመርነው ቁጥሩን ነው እንጂ ሰዓቱን አልነበረም።

አስተዳደሩ በሥርዓተ ትምህርት ጣልቃ ሲገባ እንቆጣለን። ልክ ነን። በ1966 የአሜሪካ የዩኒቨርሲቲ መምህራን ማኅበር ባወጣው መግለጫ የሥርዓተ ትምህርት ቀዳሚ ኃላፊነት የመምህራን ነው ይላል። እኔም አምንበታለሁ። ግን ባልደረቦቼ፣ ሥልጣኑን ወደን ንባቡን መጥላት አይቻልም! ያላነበበ መምህር እጅ ሲያወጣ፣ ያ ውሳኔ የመምህራን ውሳኔ አይደለም። ያ ማኅተም ነው። ማኅተም ለመምታት ደግሞ መምህር አያስፈልግም!

የምጠይቀው አንድ ገጽ ነው። ኮርስ የሚያስወጣ ወይም የሚቀይር ሁሉ ያንን ገጽ ያያይዝ። ኮርሱ የትኞቹ ፕሮግራሞች ውስጥ ግዴታ ነው? ለየትኞቹ ኮርሶች ቅድመ ሁኔታ ነው? በድሮው ካታሎግ የገቡት ተማሪዎችስ በምን ይተካላቸዋል? የሚነካቸው ትምህርት ክፍሎች አይተው ይፈርሙ። ሰነዱም ከስብሰባው ሁለት ሳምንት ቀድሞ ይድረሰን። የተቃወመ ሰው ካለ ምክንያቱ ቃለ ጉባኤ ላይ ይስፈር።

ዛሬ አራት ለውጦች ቀርበዋል። ሦስተኛው አንድ የሂሳብ ኮርስ ያስወጣል። ትናንት ማታ ከዳር እስከ ዳር አነበብኩት። ይህን ኮርስ ሌላ ማን እንደሚፈልገው የሚናገር አንድ መስመር የለውም። ይህ ተጽፎ እስኪመጣ ድምፅ እንዳንሰጥበት እጠይቃለሁ።

አመሰግናለሁ።